ላም አለኝ በደመና

«ሲስተም የለም!»

በአዲስ አበባም ሆነ እዚህ በዓለም ከተማ፣ በዚህ ዘመን መስኮት ላይ የቆመ ባለጉዳይ አዘውትሮ የሚሰማት መልስ ይህች ናት። ድሮ «አለቃ የለም» ነበር የምንባለው። አለቃስ ስብሰባ ሄዶ ይመለሳል፤ ቤቱም ይታወቃል። ለመሆኑ የሲስተም ቤቱ የት ነው? ጠባቂውስ ማነው?

ሒሳባችንም ሆነ ሌላው መዝገባችን ከዶሴ እየወጣ ዳታቤዝ ወደሚባል የኮምፒዩተር ቋት እየገባ ነው። ቋቱ ጠባቂ ይፈልጋል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስን፣ ሲያረጅ የሚያድስ፣ ሲወድቅ የሚያነሣ ባለሙያ ያሻዋል። እንዲህ ያለ ሰው ውድ ነው፤ ቢገኝም የተሻለ ደመወዝ ሲያይ ይሄዳል። ስለዚህ ተቋማት ጥበቃውን ለኩባንያ በኮንትራት ይሰጣሉ። ኩባንያው አንዱን ባለሙያ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል፣ ሌሊትም ተረኛ ያቆማል።

በዚህ ቅሬታ የለኝም። የመርሐቤቴ ገበሬም አቅም ሲያጣ መሬቱን በእኩል ያሳርሳል። ግን ልብ በሉ! ድንበሩን ያውቃል፤ አውድማው ላይ ቆሞ ያሰፍራል፤ ውሉ ሲያልቅ መሬቱን ይረከባል። የኛ ተቋማትስ ድንበራቸውን ያውቁታል?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጉድ አስታውሱ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ 2016 ዓ.ም. ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ መደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ሲሠራ የተፈጠረ ችግር ነው ተባለ። ገንዘቡን ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። ይሁን! ያን ሌሊት ጥበቃው በማን እጅ እንደነበር፣ የባንኩ ሠራተኛ ይሁን የኮንትራት ባለሙያ፣ የሚናገር ወረቀት ግን እኔ ተለጥፎ አላየሁም።

የሰው አገርን ተመልከቱ። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 የደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ተሰናከለ። ሥራውን በውል የያዘው ሳቢስ የሚባል ኩባንያ ነበር። ደንበኞች የገዛ ሒሳባቸው ተቆለፈባቸው። «ጥፋቱ የኮንትራክተሩ ነው» ማለት ግን አላዳነም። በ2022 ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። በ2023 ደግሞ የመረጃ ቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ የነበሩት ካርሎስ አባርካ «ኮንትራክተሩን በቅጡ አልተቆጣጠሩም» ተብለው በግላቸው 81,620 ፓውንድ ተቀጡ። ሥራ በኮንትራት ይሰጣል፤ ተጠያቂነት ግን አይሰጥም ማለት ይኸው ነው።

እኛም አዋጅ አላጣንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጅ ማውጣት መቼ ቸግሮን ያውቃል! የቸገረን በስም የሚጠራ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ፋሽኑ «ክላውድ» ሆኗል። ትርጉሙ ደመና ነው። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለካ ትንቢት ኖሯል! ገመዱ ሲቆረጥ በሩቅ ያለ መዝገብ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢንተርኔት የተዘጋበት የአማራ ክልል ሕዝብ አስረጂ አያስፈልገውም።

እንግዲህ የሕዝብ መዝገብ ለኮንትራክተር የሚሰጥ ተቋም ሦስት ነገር ያሟላ። አንደኛ፣ የኮንትራክተሩ ስምና የውሉ ዘመን ለሕዝብ ይገለጽ። በ2003 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አስተዳደር ለፍራንስ ቴሌኮም ለሁለት ዓመት ሲሰጥ ቢያንስ ማንን እንደምንወቅስ እናውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ የቋቱ ቁልፍና የመጠባበቂያ ቅጂው በተቋሙም እጅ ይኑር፤ ቅጂው እንደሚሠራም በየጊዜው ይፈተሽ። ያልተፈተሸ ቅጂ እንዳልተቀመጠ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ኮንትራክተሩ የሚሠራውን የሚገባው አንድ የራሱ ባለሙያ ይቅጠር። ካልገባህ እንዴት ትቆጣጠራለህ?

ከጀማ በረሃ በእግሯ ወጥታ፣ ልጇ ከዓረብ አገር የላከችላትን ብር ልትቀበል የመጣች እናት «ሲስተም የለም» ስትባል ጥያቄዋ ከኮምፒዩተሩ ጋር አይደለም። «ማነው ኃላፊው?» ነው የምትለው። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ መልሱን አያውቅም። የሚያሳዝነው፣ ከሱ በላይ ያሉትም አያውቁት ይሆናል።

ልብ ያለው ልብ ይበል!