የዕለት ማስታወሻ ስለ መጻፍና ስለሚከታተለው አንባቢ

ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ መያዝ እንዳለበት የማያውቅ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዲሱ ሕግ ይህንኑ ግዴታ አድርገውታል። ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ግን ሕግ የማያስገድደውን፣ መርማሪም የማይጠይቀውን ሌላ መዝገብ ነው። ይኸውም ሰው የዋለበትን፣ ያሰበውን፣ የፈራውንና የወሰነውን ማታ ማታ በገዛ እጁ የሚያሰፍርበት የዕለት ማስታወሻ ነው። የሒሳብ መዝገብ ምን ያህል ተገዛ፣ ምን ያህል ተሸጠ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ስለ ምን ተገዛ? ስለ ምንስ በዚያ ቀን ተሸጠ? ማን መከረ? ማን ቃል ገባ? ለሚሉት ግን ዲዳ ነው።

አንድ ሰው ማንም ሳያዘው፣ ደመወዝም ሳይከፈለው፣ ስለ ራሱ ውሎ በየቀኑ የሚጽፈው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከቀድሞ ሰዎች የሦስቱን ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል።

የመጀመሪያው ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የለንደን ሰው ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ሲሆን በእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1660 ጀምሮ እስከ ግንቦት 31 ቀን 1669 ድረስ የዕለት ማስታወሻ ጻፈ፤ የተወውም ዓይኑ የሚጠፋበት መስሎት ስለ ሠጋ ነው። ይህ ሰው የወሩን ገቢና ወጪ እያሰላ ሀብቱ ምን ያህል እንደ ደረሰ ያስታውሳል፤ በዚያው ብዕር ደግሞ የሠራውን ጥፋት፣ የተቀበለውን መማለጃና በቤቱ የተነሣውን ጠብ ሳይሸሽግ ያሰፍራል። እንግዲህ ፒፕስ የጻፈው በራሱ ላይ ሒሳብ ለማወራረድ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛዋ ግሉክል የምትባል የሐምበርግ ከተማ አይሁዳዊት ናት። ባልዋ እ.ኤ.አ. በ1689 ሲሞት ብዙ ልጆችና የንግዱ ሸክም በእርስዋ ላይ ወደቁ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣትን ኀዘን ለማራቅ በ1691 መጻፍ ጀመረች። ጽሑፍዋም የዕንቍ ንግድን፣ ብድርንና ኪሣራን፣ የልጆችን ጋብቻና የእግዚአብሔርን ፈቃድ አንድ ላይ አጣምሮ የያዘ ነው። የጻፈችው ለልጆችዋ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1896 ታትሞ የዓለም ሰው ሁሉ ንብረት ሆነ።

ሦስተኛው ፍራንቼስኮ ዳቲኒ የተባለው የፕራቶ ነጋዴ ነው። ፕራቶ በኢጣልያ ሀገር በፍሎሬንስ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ዳቲኒ እ.ኤ.አ. በ1410 ሲሞት ሀብቱን ለከተማው ድኆች አወረሰ፤ ወረቀቱንም እንኳ አልጣለም ነበርና 150,000 ያህል ደብዳቤዎችና ከ500 በላይ የሒሳብ መዛግብት በ1870 በቤቱ ውስጥ ከደረጃ ሥር ተገኙ። ከደብዳቤዎቹም መካከል ከሚስቱ ከማርጌሪታ ጋር የተጻጻፏቸው ይገኙበታል። ዳቲኒ የጻፈው ሩቅ ያሉትን ወኪሎቹንና ቤቱን ለማስተዳደር እንጂ ለታሪክ ብሎ አይደለም፤ ታሪክ ግን ከማንኛውም የዘመኑ ነጋዴ ይልቅ እርሱን አወቀው።

እንግዲህ አንዱ ራሱን ለመመርመር፣ ሁለተኛዋ ኀዘንዋን ለማስታገሥና ልጆችዋን ለመምከር፣ ሦስተኛው ሥራውን ለመምራት ጻፉ። ከሦስቱ አንዳቸውም እኛን አላሰቡም። ታዲያ አንባቢ ይህን ያህል ዘመን ሲከታተላቸው የኖረው ምን አግኝቶባቸው ነው?

አንባቢ የዕለት ማስታወሻን የሚከታተለው ታላላቅ ነገር ለመስማት ብቻ አይደለም። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1666 በእሳት መጋየትዋን ከየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። ፒፕስ እሳቱ በቀረበ ጊዜ የወይን ጠጁንና ከኢጣልያ የመጣውን የፓርማ አይብ በአትክልት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበሩን ግን የምናገኘው ከእርሱው ማስታወሻ ነው። መጋዘኑ እሳት ያሠጋው ነጋዴ ይህን ሲያነብ ሰውየውን እንደ ጎረቤቱ ያውቀዋል። ደግሞም ጸሐፊውን ቀን በቀን የተከተለ አንባቢ ጠባዩን ይለምደዋል፤ የት እንደሚያጋንን፣ የት እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚጠላ ያውቃል። ስለዚህ የሚናገረውን መዝኖ ይቀበላል። እምነት የሚገኘው ከዚህ ነው እንጂ ራስን ከማመስገን አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ይህ ነው፦ የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ነገን አያውቅም። አንባቢው በ1665 በለንደን ታላቅ ቸነፈር እንደሚገባ ያውቃል፤ በ1664 የሚጽፈው ፒፕስ ግን አያውቅም። ሽማግሌ ነጋዴ ያለፈውን ሲተርክ ሁልጊዜ አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል፤ ዋጋው እንደሚወጣ ታውቆኝ ነበር፣ ያ ሰው እንደሚከዳኝ ጠርጥሬ ነበር ይላል። ሐሰት ለመናገር ፈልጎ አይደለም፤ ልብ የኋላውን ውጤት ይዞ የፊቱን ሐሳብ ስለሚያርመው ነው። በዚያው ቀን የተጻፈ ቃል ግን አይታረምም። ሰው በእውነት ምን ያህል እንዳወቀና ምን ያህል በዕድል እንደ ተሻገረ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ልጅ ከአባቱ ንግድን ሊማር የሚችለውም የድሉን ወሬ በመስማት ሳይሆን ያመነታበትን ሌሊት በማንበብ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ የመጻፍ ልማድ አልጠፋም። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታትሞ ተነቧል። በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ ሀገር ያረፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም እንዲሁ የሕይወታቸውን ታሪክ ትተውልናል። የመንግሥት ሰዎችና የቤተ ክህነት ሊቃውንት ጽፈዋል፤ ከነጋዴው ወገን ግን ታትሞ የምናገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

የቀረብንን እንመልከት። የስዌዝ ቦይ ከ1959 እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ተዘግቶ ሳለ ወደ አውሮፓ ዕቃ ይልኩ የነበሩ ነጋዴዎች የጭነቱን ኪራይ ጭማሪ እንዴት ቻሉት? በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በብራዚል የወረደው ውርጭ የቡና ተክሉን አቃጥሎ የዓለም ዋጋ እስከ 1969 ዓ.ም. ሲወጣ፣ እዚህ በሀብት ውርስ ድንጋጤ ላይ የነበረው ላኪ ምን አሰበ? በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ ወደብ ሲዘጋ አስመጪው ዕቃውን ወደ ጅቡቲ ለማዞር ስንት ቀን ፈጀበት? ማንንስ አመነ? አኀዙ በየመሥሪያ ቤቱ ይገኝ ይሆናል። ሐሳቡ ግን ከባለቤቶቹ ጋር እየተቀበረ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ በየሱቁ የነበረውን ጭንቀት ሁላችን እናስታውሳለን፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚነግድ ልጅ ግን ከእኛ አፍ የሚሰማው የተስተካከለውን ወሬ ብቻ ይሆናል።

ጉዳቱም የታሪክ ብቻ አይደለም። በነጋዴ ጸሐፊነት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ያያል፤ የቤቱ ባለቤት በድንገት ሲያርፍ መዝገቡ በሥርዓት ተገኝቶ እንኳ ወራሾች ይጣላሉ። አንዱ ወዳጅ በቃል ያበደርሁት አለ ይላል፤ ሌላው ዕቃው በአደራ የተቀመጠ እንጂ የሟች አይደለም ይላል። ከሟቹ እጅ የወጣ አምስት መስመር ማስታወሻ ቢኖር ኖሮ ለፍርድ ቤት የሚከፈለው ገንዘብና በወንድማማች መካከል የሚገባው ቂም በቀረ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የሚቃወመን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። አንዳንዱ ጊዜ የለኝም ይላል፤ ቀኑን ሙሉ በሱቅ ቆሞ ለዋለ ሰው ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የምንጠይቀው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሌላው ምሥጢሬ ይወጣል ይላል። ፒፕስም ይህንኑ ፈርቶ በአጭር የጽሕፈት ስልት ነበር የጻፈው፤ ሰው ፈትቶ ያነበበውም እ.ኤ.አ. ከ1819 እስከ 1822 ባለው ጊዜ ነው። እኛም መቆለፊያ ያለው ሣጥን አናጣም። ሦስተኛው ወረቀት ይመሰክርብኛል ይላል። በቤት የተገኘ ወረቀት ሰውን ለእስር ያበቃበት ዘመን ነበርና ያን ጊዜ ያቃጠሉትን አንወቅሳቸውም። ዛሬ ግን ለግብር ሰብሳቢው አንድ፣ ለቤቱ ሌላ ሒሳብ የያዘ ሰው ማስታወሻ ቢያስፈራው ጥፋቱ የማስታወሻው አይደለም።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ጠንካራ ደብተር ይገዛ፤ ቀኑ በላዩ ይጻፍ። የዕለቱ ዋና ዋጋ፣ የተገባ ቃልና የተገባለት ሰው፣ የተወሰነው ነገርና ምክንያቱ፣ እንዲሁም ያሠጋው ነገር ይስፈር። ትናንት የተጻፈው ዛሬ አይፋቅ። በዓመቱ መጨረሻ ባለቤቱ ራሱ የመጀመሪያው አንባቢ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ያንብበው፤ ከዚያም ለንግዱ የሚታጨውን ልጅ ወይም የሚታመነውን ሠራተኛ ያስነብብ።

የንግድ ምክር ቤታችንም በበኩሉ የአረጁ ነጋዴዎችን ማስታወሻና ደብዳቤ ከየቤተሰቡ በአደራ ተቀብሎ የሚያስቀምጥበትን መንገድ ቢያስብ መልካም ነው፤ ቤተሰቡ ዝግ ሆኖ ይቆይ ያለው ለተወሰነው ዘመን ዝግ ሆኖ ይቆያል። የመርካቶን የቀድሞ ዘመን በዓይናቸው ያዩት አባቶችና እናቶች ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። የሚያውቁትን መጻፍ ለማይችሉት ልጆቻቸው እየጠየቁ ይጻፉላቸው፤ ይህም ለከርሞ የሚባል ሥራ አይደለም።