አልሳስ ባሕር የላትም፣ የጦር መርከብ ግን አላት

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። (አብዛኞቻችን በስልክ ነው ያየነው፣ እሺ።) እኔ ያንን ግልቢያ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ፈረንሳዮች ይሄን የሚያደርጉት በጦር መርከብ ነው።

“ሪዱታብል” አስፈሪው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ትራፋልጋር ላይ እንግሊዛዊውን አድሚራል ኔልሰንን የገደለው ጥይት የተተኮሰው ከዚህ መርከብ ነው። በ1967 ፈረንሳይ የመጀመሪያውን ኑክሌር ሚሳኤል ተሸካሚ ሰርጓጅ መርከቧን ውሃ ላይ ስታወርድ ስሙን ያው ሪዱታብል አለችው። በመሃል ስንት መንግሥት ተገለባብጧል።

ሁሌ ግን እንዲህ ሰላማዊ አይደለም። በ1791 በንጉሡ አልጋ ወራሽ ማዕረግ “ዶፊን ሮያል” የተባለ መርከብ በዓመቱ አብዮተኞቹ “ሳን ኪውሎት” አሉት፤ ቆይቶ ደግሞ “ሎሪያን” ሆነ። በ1798 ናፖሊዮንን ግብጽ አድርሶ አቡኪር ላይ በእንግሊዞች ተመትቶ ፈነዳ። አቡኪር ማለት፣ ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ሰከላ ላይ የሚነሳው ዓባያችን ሜዲትራኒያን ከሚገባባቸው አፎች በአንዱ አጠገብ ያለ ወሽመጥ ነው። በቅርቡም ቢሆን ሚተራን በ1986 “ሪሽልዩ” ያሉትን አውሮፕላን ተሸካሚ፣ በዓመቱ የሺራክ መንግሥት “ሻርል ደጎል” ብሎታል።

ይሄ እኛን ምን አገባን? ያገባናል። የድሮው ባሕር ኃይላችን ትልቁ መርከብ፣ በ1962 ከአሜሪካ የመጣው፣ ስሙ “ኢትዮጵያ” ነበር፤ ማንንም አያጣላም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ማክሮን አዲስ አበባ ሲመጡ ፈረንሳይ ባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም ልትረዳ ተፈራረመች፤ በ2013 ትብብሩን አቋረጠች። ባሕር ኃይሉ ግን እንደገና ተደራጅቷል። አንድ ቀን መርከብ ይመጣል፣ ስምም ይፈለጋል።

መርከብ ውድ ነው፣ ስም ነጻ ነው። በጀት ስለማይጠይቅም ማንም ቀድሞ አያስብበትም። ኋላ “የእነሱ ገባ፣ የእኛ ቀረ” ሲመጣ ግን ዋጋው ይታያል። የንግድ መርከቦቻችን ከወንዞች፣ ከሸበሌና ከጊቤ፣ ወደ ክልል ዋና ከተሞች ተሸጋግረዋል፦ መቀሌ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ሰመራ፣ ባሕር ዳር። ለሁሉም ለማድረስ የታሰበ ይመስላል፤ ግን መርከቡ ውስን ነው፣ ከተማው ብዙ። እንጅባራና ዳንግላ ወረፋቸው መቼ ይደርስ ይሆን?

ፈረንሳይም የአካባቢ ስም ትሰጣለች። አልሳስ፣ ሎሬንና ኦቨርኝ ባሕር የሚባል የላቸውም፣ በስማቸው ግን ዘመናዊ ፍሪጌት አለ። ስለዚህ ባሕር አለመኖሩ ሰበብ አይሆንም።

እኔን ብትጠይቁኝ የፈረስ ስሞቹን እመርጣለሁ። ታጠቅ፣ ነፍሶ፣ በዝብዝ፤ የማንም ክልል ስም አይደሉም። ባለፈረሶቹ ላይ መከራከራችን እንደማይቀር አውቃለሁ። ለዚህም ነው የስም አወጣጥ ደንቡ አሁን፣ ገና ማንም የራሱን መርከብ ሳያይ ይጻፍ የምለው።