ሳንለካ አንፍረድ



የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይህ አባባል ለእህልና ለዱቄት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ለምንሠራው ሥራም ይስማማል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ መሣሪያ አልበራ ወይም አልጠፋ ያለ እንደ ሆነ፣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናደርገው ነገር ትራንዚስተሩን ነቅሎ መጣልና ሌላ መተካት ነው። ይህ ልማድ ገንዘብ ያባክናል፤ ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን እውቀትን ማባከኑ ነው። ስለዚህ ማንም ተማሪ ሳይለካ አንድም ክፍል መለወጥ የለበትም የሚለውን አሳቤን ከነምክንያቱ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

ትራንዚስተር የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ አገር፣ በቤል ላቦራቶሪ ነው። ጆን ባርዲን፣ ዋልተር ብራቴይንና ዊልያም ሾክሌ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበው ሪጀንሲ ቲ አር 1 የተባለው ትንሽ ሬዲዮ 4 ትራንዚስተሮች ብቻ ነበሩት። ከዚያ በፊት የነበሩት የመስተዋት ቱቦዎች ውስጣቸው እስኪግል ድረስ ብዙ ኃይል ይበሉ ስለ ነበር፣ ትራንዚስተር ሬዲዮን በእጅ የሚያዝ ለማድረግ እጅግ ረዳ። ዛሬ ደግሞ እኛ በክበባችን የምንጠቀምበት በአብዛኛው እንደ ማብሪያና ማጥፊያ አድርገን ነው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ሦስት እግሮች አሉት፤ እነርሱም ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር ይባላሉ። በቤዝ የሚገባው ትንሽ ፍሰት ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር የሚያልፈውን ትልቅ ፍሰት ይከፍታል፤ ይህም የቧንቧን መክፈቻ በሁለት ጣት አዙሮ ብዙ ውኃ እንደ መልቀቅ ነው። በሚገባ ሲከፈት በቤዝና በኤሚተር መካከል 0.7 ቮልት ያህል፣ በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ደግሞ 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ ያነሰ ይገኛል። ሲዘጋ ግን በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል የባትሪው ቮልቴጅ በሙሉ ይታያል። እንግዲህ መልቲሜትር ይዞ እነዚህን ቁጥሮች ያወቀ ተማሪ፣ መሣሪያው ራሱ ሕመሙን ይነግረዋል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። 100 ሚሊ አምፔር የሚፈልግ መብራት በ4 ድንጋዮች፣ ማለት በ6 ቮልት፣ ይሠራል እንበል። ትራንዚስተሩን የሚያዘው አርዱዊኖ 5 ቮልት ይሰጣል፤ በቤዙ ላይ የተሰካው ሬዚስተር 10,000 ኦም ነው። መብራቱ ደብዝዞ ይበራል፣ ትራንዚስተሩም ይሞቃል። የቸኮለው ተማሪ «ተቃጥሏል» ብሎ ይነቅለዋል። የለካው ተማሪ ግን በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ወደ 3 ቮልት አግኝቶ፣ ትራንዚስተሩ ገርበብ ብሎ ብቻ መከፈቱን ይረዳል። ከ5 ቮልት 0.7 ሲቀነስ 4.3 ይቀራል፤ ይህም ለ10,000 ሲካፈል 0.43 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ትራንዚስተሩ 100 እጥፍ ቢያበዛው እንኳ 43 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ለማብሪያነት ሲሆን ለቤዝ ከጭነቱ አንድ አሥረኛውን መስጠት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ሬዚስተሩ ወደ 470 ኦም መውረድ ይገባዋል። አዲስ ትራንዚስተር ቢተከልማ እርሱም እንደ ፊተኛው ይሞቅ ነበር።

ሁለተኛው ሕመም አልጠፋም ማለት ነው። ፒ ኤን ፒ የተባለው ዓይነት ትራንዚስተር ኤሚተሩ ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር ተያይዞ፣ ቤዙ በሬዚስተር በኩል ከ5 ቮልት መሣሪያ ቢታዘዝ መዘጋት አይችልም። ይህ ዓይነት የሚዘጋው ቤዙ ወደ ኤሚተሩ ቮልቴጅ ሲቀርብ ነውና፣ አዛዡ 5 ቮልት ሲሰጥ የ4 ቮልት ልዩነት ስለሚቀር ክፍት እንደ ሆነ ይኖራል። ከዚህም በላይ ፍሰቱ ወደ አዛዡ ተመልሶ ሊጎዳው ይችላል። መድኃኒቱ በመካከል ኤን ፒ ኤን የሆነ ሌላ ትንሽ ትራንዚስተር ማግባትና ከቤዝ ወደ ኤሚተር 10,000 ኦም ማያያዝ ነው። በሚገባ ያልተዘጋ መሣሪያ 1 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢያፈስ እንኳ፣ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዘውን የ9 ቮልት ባትሪ በ21 ቀን ያህል ይጨርሰዋል። እኛ ግን ድንጋዩ አስመስሎ የተሠራ ነው ብለን ባለሱቁን እንወቅሳለን።

ሌሎችም ቀላል ምክንያቶች አሉ። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እኛ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ፣ ቢሲ 547 ከግራ ጀምሮ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን 3904 ግን ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። አንዱን በሌላው ቦታ እንዳለ የተከለ ሰው ደኅናውን ትራንዚስተር በከንቱ ይከሳል። በኤን ፒ ኤን ማብሪያም የአዛዡና የባትሪው አሉታዊ ሽቦዎች ካልተገናኙ ትእዛዙ አይደርስም። ባትሪውም ቢሆን መለካት ያለበት ጭነቱን ተሸክሞ ሳለ ነው፤ የደከመ ድንጋይ ሥራ ፈቶ ሲለካ ደኅና ይመስላልና።

ምናልባት የሚቃወመኝ ይኖር ይሆናል። «ትራንዚስተር በጥቂት ብር ይገዛል፤ ለእርሱ ብሎ ሰዓት ማጥፋት ምን ይጠቅማል?» ይለኛል። በእርግጥ ዋጋው ትንሽ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ያቃጠለ ምክንያት ሁለተኛውንም ያቃጥላል። በዕድል ቢሠራ እንኳ ለምን እንደ ሠራ የማናውቀው መሣሪያ ነገ ሲበላሽ ያው እንግዶች ነን። የገዛነው ዕቃ ርካሽ ቢሆንም፣ የምንለምደው የግምት ፍርድ ውድ ነው፤ ነገ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆነን በሰው ሕይወት ላይ ስንሠራ አብሮን ይሄዳልና።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲፈጸሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። መምህራኖቻችን ለሠራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ጉድለቱን በልኬት ላገኘ ተማሪም ነጥብ ቢሰጡ፤ መሣሪያው በኤግዚቢሽን ቀን ባይበራ እንኳ። ወላጆቻችን ለአዲስ ዕቃ ገንዘብ ስንጠይቃቸው «ለክተህ ምን አገኘህ?» «ለክተሽ ምን አገኘሽ?» ብለው ቢጠይቁን። እኛ ተማሪዎችም በየቡድናችን አንድ ደብተር ይዘን፣ ከመንቀላችን በፊት ቁጥሩን ብንጽፍ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ መሣሪያ ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።