«አንዴ ብቻ እይልኝ»

በየቢሮው ከሚነገሩ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደ «አንዴ ብቻ እይልኝ» የሚያስመርር የለም። የሚናገረው ሰው አይዋሽም፤ ለእርሱ በእርግጥም አንዴ ብቻ ነው። ችግሩ ያንኑ ቃል ከእርሱ በፊት አሥር ሰው ብሎት፣ ከእርሱ በኋላም አሥር ሰው ሊለው እየመጣ መሆኑ ነው።

የቢሮ አይቲ መሆን ማለት ደረጃ ላይ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሽንት ቤት በር ላይ፣ አንዳንዴም ጉርሻ አፍ ውስጥ እያለ መጠየቅ ማለት ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ። ቴሌግራሜን ሰው ጠለፈው። የልጄ ላፕቶፕ ተንቀራፈፈ፣ ነገ ይዤልህ ልምጣ? በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ በፍላሽ ይመጣና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል፤ «ቫይረስ ነው አይደል?» ይባላል። ቫይረስ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ መፍትሔ ያለው ነገር ነው። ፍላሹ ላይ ግን እውነተኛው ቫይረስ አለ፤ ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የደረደረው። ስለ እሱ ማንም አልጠየቀም።

እንዳትቀየሙኝ፣ እርዳታ አትጠይቁ አላልኩም። የተቀጠርነው ለዚሁ ነው። ነገር ግን መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ሳለ አንዱ ከፊት ዘው ቢል ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ያው ጠዋት ሲጮህበት የነበረው ሰው ቢሮ ሲገባ ላፕቶፑን አምጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ዘርጋ ያደርጋል። ወረፋው ስለማይታየው ወረፋ የለም ብሎ ያምናል። በዚህ መሃል ቀድሞ የሚስተናገደው ማነው? ማኪያቶ የሚጋብዘን፣ በቀልድ የምንግባባው፣ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ። መዝገብ ቤት የተመደበችው፣ ከመጣች ወር ያልሞላት፣ ስማችንን እንኳ የማታውቀው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ የማይነሳ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች፤ ባለጉዳዩም እሷ ላይ ይጮሃል። «በየመሥሪያ ቤቱ በዝምድና መሥራት ይቅር» እያልን የምንጽፍ ወጣቶች ይህንን ምን ልንለው ነው?

ሌላው ጣጣ፣ በቃል የተጠየቀ ሥራ ተሠርቶም እንዳልተሠራ መቆጠሩ ነው። ሰኔ ላይ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ «ዓመቱን ሙሉ ምን ሠራችሁ?» ይባላል፤ የሚቆጠር ነገር የለም። «አይቲዎች እኮ ሲያወሩ ነው የሚውሉት» የሚለው ሐሜትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ፕሪንተር በዓመት ሃያ ጊዜ ቢበላሽ፣ ሃያ ጊዜ «እባክህ ወንድሜ» ተብሎ ተጠግኗል እንጂ ወረቀት ላይ አንዴም አልተበላሸም። ስለዚህ አዲስ ይገዛ ስትሉ ግዢ ክፍል «ያለው እየሠራ ነው» ብሎ ይመልሳችኋል። ልክ ነው፤ ማስረጃ የለማ!

ከሁሉ የሚብሰው ኮሪደር ላይ ማንም የማይጠይቀው ሥራ ነው። «ባክአፕ ወስደሃል?» ብሎ ደረጃ ላይ ያስቆመኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ደግሞ መጋቢት 5፣ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎችን የሰረዙት መድኃኒቱ ጠፍቶ ሳይሆን ያልጫኑት ስለነበሩ ነው። እነሱ ለምን እንዳልጫኑት የራሳቸው ጉዳይ። እዚህ ለምን እንደሚዘገይ ግን አውቃለሁ፤ ማሻሻያ ሊጭን የተነሳ ሰው ሰርቨር ክፍል ሳይደርስ አራት ሰው መንገድ ላይ ያስቆመዋል።

አደገኛ ጥያቄም አለ። «ባልደረባዬ እረፍት ወጥታለች፣ ኮምፒውተሯን ክፈትልኝ፤ አለቃ ፈቅዷል» ይባላል በሹክሹክታ። ስለ ኮምፒውተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ነገሩ ሲፈነዳ ኮሪደር ላይ ለተሰጠው ፈቃድ ማን ይመሰክራል? አለቃው? ቀልዱን ተዉት።

«ቢሮክራሲ ልታመጡብን ነው» ትሉ ይሆናል። ለአንድ እስክሪብቶ ሦስት ፊርማ በሚጠየቅበት አገር ፍርሃታችሁ ይገባኛል። የምንጠይቀው ግን አንድ ደብተር ነው፣ ወይም አንድ መስመር ኢሜይል፦ ማን፣ ምን፣ መቼ። የቴሌግራም ግሩፕም ይበቃል። ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ቀጥ ቢል ሩጡና ጥሩን፤ በኋላ እኛው እንጽፈዋለን። የልጃችሁ ላፕቶፕ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አይደለም። በጓደኝነት ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት እንነጋገር።

የኛ ሰዎችም አይታሙም አልልም። ልመናው የሚጥማቸው አሉ። ጥያቄው ደብተር ላይ ከሰፈረ ተራ ሠራተኛ ናቸው፤ ሲለመኑ ግን ጌታ። ፓስዎርድ በቃላቸው ይዘው፣ ሰው ደጅ ሲጠናቸው ደስ እያላቸው «ቆይ እመጣለሁ» ይላሉ። ደብተሩን ከማንም በላይ የሚጠሉት እነሱ ናቸው።

ደንቡን መጀመሪያ የሚጥሰው ግን ላይኛው ፎቅ ነው። «ቶሎ ና» የሚል ስልክ ሲደወል ደብተር ይዞ የሚወጣ አይቲ የለም። እስኪ አንድ ሥራ አስኪያጅ «ኮምፒውተሬ አይሠራም» ብለው ራሳቸው ይጻፉና፣ ከሳቸው በላይ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ስም መስፈሩን አይተው ተራቸውን ይጠብቁ። ያን ቀን ማኪያቶው በኔ ነው።