በአንድ ዓይን ለሚያነቡ

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ የኮሚክ መጽሐፍ አፍቃሪ ነኝ። «በልጅነቴ ነበርሁ» አላልሁም፤ ዛሬም ነኝ። ይህን ስናገር ከንፈራችሁን ሸሸት አድርጋችሁ የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህ ጽሑፍም ለዚያ ሣቅ መልስ ይሆን ዘንድ የተጻፈ ነው።

ነገሩን የቆሰቆሰው የመስከረም 21 ጉዞ ነው። ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ወደ አምባሰል ስንወጣ በቦርሳዬ የብሥራት ደበበን «ጀምበር» ይዤ ነበር። የንባብ ሰውነቱን የማከብርለት አንድ ወዳጄ ከእጄ ወስዶ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «አንተ ሰው፣ መቼ ነው የምታድገው? ይህ እኮ የፈረንጅ ልጆች ጨዋታ ነው» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። መልሱን ያገኘሁት ከአምባው ላይ ነው።

አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን በአንድ የሰማዕታት ሥዕል ፊት አቁመው፣ «በል የኔ ጌታ፣ ክፉው የትኛው ነው?» ይሉታል። ልጁ ፊደል የቆጠረ አይመስልም። ሆኖም ሳያመነታ ጣቱን ቀሰረና፣ «ይሄ! አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው» አለ። በሥዕል ትውፊታችን ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን ገጽ፣ በአንድ ዓይን። ሕጉን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ልጁ ግን አነበበ። ንባብ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የግሸንን ነገር ካነሣን፣ በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት (ከ1382 እስከ 1413፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተዘጋጀ ባለ ሥዕል ተአምረ ማርያም ማደሪያው ይህችው አምባ ናት። ሥዕሉ ለሕፃናት ተብሎ የገባ ማባበያ አልነበረም፤ ንጉሥ ያሠራው፣ ካህናት ያነበቡት መጽሐፍ አካል ነበር። በጎንደር ዘመንም ሠዓሊዎች ተአምራቱን በተከታታይ ሥዕሎች፣ ከሥር ወይም ከላይ አጭር ጽሑፍ እያኖሩ አስፍረዋል። በሃያኛው መቶ ዘመን እነ በላቸው ይመር የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ በተርታ በተከፋፈሉ ሥዕሎች ተረኩልን። ይህ የሳባ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች የተደረደረ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። የዘመናዊ ኮሚክ አባት የሚባለው ስዊዘርላንዳዊው ሮዶልፍ ቶፕፈር መጻሕፍቱን ያሳተመው በ1830ዎቹ ነው። «ከእኛ ሰረቀ» አልልም፤ እንዲህ ያለው ትምክህት አይጠቅመንም። የምለው አንድ ነው፦ በሥዕል መተረክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን ንቀቱ ነው።

ንቀቱ ደግሞ ሰው ይጎዳል። በአሜሪካ ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች «ሱፐርማን»ን በ1938 በ130 ዶላር ሸጡ፤ ገጸ ባሕርዩ ለአሳታሚዎቹ የሀብት ምንጭ ሲሆን ፈጣሪዎቹ ለብዙ ዓመታት በችግር ኖሩ። በእኛስ ቤት? የጥንቱ ሠዓሊ ስሙን የሸሸገው ስለ ትሕትና ነበር። የዛሬው ግን ስሙን የሸሸገ ሳይሆን የተነፈገ ነው። እስቲ ከመደርደሪያችሁ አንድ ልብ ወለድ አንሡና የሽፋኑን ሥዕል ማን እንደ ሠራው ፈልጉ። አንድ የማውቀው ሠዓሊ ለአንድ የተረት መጽሐፍ ገጾቹን ሁሉ ሥሎ፣ መጽሐፉ ሲታተም ስሙ ከአንዱም ገጽ ላይ አልነበረም። ቢጠይቅ «ደራሲው አንተ ነህ እንዴ?» ተባለ። ዛሬ ሥዕል ትቶ ሌላ ሥራ ይሠራል። የኮሚክ አፍቃሪ ስሆን የምቆረቆረው ለዚህ ሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ ተቺዎች አንድ እውነት አላቸው። በ2018 የወጣው «ጀምበር» እና ተከትላው የመጣችው «ሃዊ» የልዕለ ኃያልነቱን ልብስ የተዋሱት ከአሜሪካ ነው። ይሁን እንጂ ልብ ወለድንስ ከየት ተዋስነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሮም ላይ ሲያሳትም «የፈረንጅ ጨዋታ» ብለን ብንጥለው ኖሮ ዛሬ ምን እናነብ ነበር? የተዋሱትን ቅርጽ የራስ ማድረግ ጊዜ ይጠይቃል፤ አንባቢም ይጠይቃል።

እኛ ስናመነታ ሌሎች አምባችንን ወስደው ተርከውበታል። ሚልተን በ1667 የአማራን ተራራና በላዩ የሚጠበቁትን ልዑላን በግጥሙ አነሣ። ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ። ኢጣሊያዊው ሁጎ ፕራት በወረራው ዘመን በልጅነቱ ከወታደር አባቱ ዘንድ ወደ አገራችን መጥቶ ኖረ፤ ኋላም «ኮርቶ ማልቴዝ» የተባለውን መርከበኛውን በእኛ ምድር አንከራተተ። አውሮፓ የፕራትን ሥራ ከታላላቅ ጽሑፎች ተርታ አስቀምጦ ያነብባል። የወራሪ ልጅ ሥሎናል፤ የተወረረው ልጅስ?

ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 ከመንገሡ በፊት በዚሁ በአምባ ግሸን እስረኛ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ በር፣ ከታች ጭጋግ፤ በመካከሉ ነገ እንደሚነግሥ ወይም እዚያው እንደሚያረጅ የማያውቅ ልዑል። ሦስት ገጽ ያለ አንዲት ቃል በሥዕል ብቻ ቢሄድ ዝምታው ራሱ ይናገራል። ይህን ታሪክ ለመሣል የሚበቃ እጅ አለን። የጎደለው ከፍሎ የሚያሳትም፣ ገዝቶ የሚያነብ፣ ስሙን የሚጠራ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ስታዩ ለልጃችሁ ብቻ አትግዙ፤ ለራሳችሁም ግዙ። ክፉ ከሆነ ክፉ ነው በሉ፤ ተቹት፣ እንደ ማንኛውም ድርሰት ሞግቱት። ሠዓሊውንም በስሙ ጥሩት። ወዳጄን በተመለከተ፣ ከግሸን ስንመለስ «ጀምበር»ን ለምኖኝ ወስዷል። እስካሁን አልመለሰልኝም።