ልኬቱ ከክሊኒኩ ሳይወጣ ጀሶ ይፍሰስበት

ገንዘቡን ከፍሎ ያሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ አልገጥም ያለው ሰው ሐኪሙን ይወቅሳል። ሐኪሙ በላብራቶሪው ያሳብባል፤ ላብራቶሪው ደግሞ «እኔ የሠራሁት በተላከልኝ ልኬት ነው» ይላል። በዚህ መወቃቀስ መሀል ብዙውን ጊዜ ሳይነሳ የሚታለፈው ልኬቱ፣ ማለትም የጥርሱና የድዱ ቅርጽ የታተመበት ቁስ፣ ከታካሚው አፍ ወጥቶ ሞዴል የሚሆነው ጀሶ እስኪፈስስበት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ቀንም ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው በአልጂኔት የተወሰደ ልኬት ጀሶ ሳይፈስስበት ከክሊኒኩ በር መውጣት የለበትም ነው። ነገሩ የባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ ይመስላል እንጂ ከኪሱ የሚከፍለውም፣ በድዱ የሚታመመውም ታካሚው ነው።

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም በሚገኝ ንጥረ ነገር የሚዘጋጅ ዱቄት ነው። ከእሱ በፊት ልኬት ለመውሰድ ይውል የነበረው አጋር የተባለ ንጥረ ነገር በዋናነት ከጃፓን ይመጣ ስለነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቅርቦቱ ሲቋረጥ አልጂኔት ቦታውን ወሰደ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀም። አለመልቀቁ አያስገርምም። ርካሽ ነው፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል፣ ከአፍ ሲወጣም እንደ ጎማ ተለጥጦ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ችግሩ ከረጋ በኋላም አብዛኛው ክፍሉ ውኃ መሆኑ ነው። ክፍት ከተተወ ውኃው ይተንና ይኮማተራል፤ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ጠጥቶ ያብጣል። በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ እንኳ በራሱ ጊዜ ውኃ እያላበ መጠኑን ይቀንሳል። በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ጀሶ ይፍሰስበት የሚባለው ለዚህ ነው። አሁን ይህንን ልኬት በበጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ውስጥ፣ በፌስታል ተይዞ የመኪና መጨናነቁን ሲያቋርጥ እናስበው። የሚመጣው ለውጥ በዓይን አይታይም፤ ቴክኒሻኑም አያየውም። በጥርሶቹ መሀል የገባችን አንዲት ፀጉር የሚለይ አፍ ግን ያውቀዋል።

የልኬት መያዣው፣ ማለትም ትሬው፣ የሚገባውን ያህል ትኩረት አያገኝም። አልጂኔት ትሬውን ጨብጦ የሚይዘው በቀዳዳዎቹ ወይም በሚቀባው ማጣበቂያ ነው። ከአፍ ሲወጣ አንዱ ጫፍ ከትሬው ከተላቀቀ፣ በጣት ተጭኖ ቢመለስም ልኬቱ ተበላሽቷል። ተደፍቶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠም በገዛ ክብደቱ ይዛባል። ቀጭን የፕላስቲክ ትሬ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ሌላው የልኬት ቁስ፣ ወፍራም ሲሊኮን፣ ሲጫነው ጎኖቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ከአፍ እንደወጣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ልኬቱም አብሯቸው ይጠብባል። ውድ ሲሊኮን ገዝቶ በሚተጣጠፍ ትሬ መጠቀም ገንዘብ ማባከን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥርስ ጨርሶ ለሌለው ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን በሙሉ አጥተዋል። ለእነዚህ ሰዎች መጀመሪያ በተዘጋጀ ትሬ ልኬት ይወሰዳል፤ በዚያ ላይ ጀሶ ፈስሶ በሚገኘው ሞዴል ለዚያ አፍ ብቻ የሚሆን የአክሪሊክ ትሬ ይሠራል፤ የመጨረሻው ልኬት የሚወሰደው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ልኬት መንገድ ላይ ከተኮማተረ ትሬው ራሱ ለሌላ አፍ የተሠራ ያህል ይሆናል።

«ቦታም ሰውም የለንም» የሚል ክሊኒክ ይኖራል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጀሶ፣ የውኃና የዱቄት መለኪያ፣ የአየር አረፋ የሚያስወጣ ትንሽ ማንቀጥቀጫ እና የሠለጠነ ረዳት ነው፤ ዕቃው በጥርስ ሕክምና ቤት ካሉት ርካሾች መካከል ነው። ጀሶው በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ሞዴሉ በሞተር ሳይክል ቢሄድ፣ ክፍለ ሀገር ቢላክም መጠኑ በአየሩ ድርቀት አይለወጥም። ሐኪሙም የሥራውን ውጤት ራሱ ያየዋል። የጥርሱ ጠርዝ ላይ አረፋ ቢያገኝ ታካሚውን በዚያው ቀን መልሶ ይጠራል እንጂ ከሳምንት በኋላ አልገጥም ካለ ጥርስ ጋር አይፋጠጥም። ሌላም ጥቅም አለው። ልኬት ምራቅ፣ አንዳንዴም ደም ይዞ ይወጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ልኬት ለላብራቶሪ ሥራ ከመያዙ በፊት እንዲታጠብና በፀረ ተሕዋስያን እንዲጸዳ ይጠይቃል። ጀሶውን የሚያፈስሰው ክሊኒኩ ራሱ ከሆነ ልኬቱን እዚያው አጥቦ ያጸዳዋል፤ የመልእክተኛው እጅም ከዚህ ነገር ይጠበቃል።

ቦታና ሰው የለንም ከሚለው የጠነከረው ተቃውሞ «ሲሊኮን እያለ ለምን በአልጂኔት እንጨነቃለን?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ጥሩው የሲሊኮን ዓይነት ለቀናት መጠኑን ጠብቆ ይቆያል፤ ለክራውንና ለብሪጅ እሱን መጠቀም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዋጋው ከአልጂኔት ብዙ እጥፍ ነው። በላቴክስ ጓንት ሲቦካ ከጓንቱ የሚወጣው ድኝ እንዳይረጋ ስለሚያደርገው ጥንቃቄም ይፈልጋል። አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽገው ለቀናት ይቆያሉ የሚባሉ አልጂኔቶችም አሉ፤ አምራቹ ያዘዘው ሁሉ ከተሟላ አልከራከርም። በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል የተላከውን ግን በእነሱ ስም ማሳለፍ አይቻልም። አፍ ውስጥ ገብቶ የሚቀርጸው ስካነርም እ.ኤ.አ. ከ1985 የዙሪክ የመጀመሪያ ሕክምና ወዲህ ብዙ ርቀት ተጉዟል። ያለው ክሊኒክ ይጠቀምበት፤ የኔ ክርክር እሱን አይመለከትም። ይሁን እንጂ ጥርስ በሌለው አፍ፣ በሚንቀሳቀሰው ድድ ላይ አሁንም ይቸገራል፤ ዋጋውን የማይችሉ ክሊኒኮችም ገና ለዓመታት ዱቄት መበጥበጣቸው አይቀርም።

ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው የጤና ተቆጣጣሪ በቁጥጥር ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ ክሊኒኩ ጀሶ የሚያፈስስበት ቦታና ዕቃ አለው ወይ? በሥራ ማዘዣው ላይም ልኬቱ የተወሰደበትና ጀሶው የፈሰሰበት ሰዓት ይጻፍ። ላብራቶሪው ጀሶ ያልፈሰሰበትን አልጂኔት እንዲመልስ ግዴታ ይጣልበት። ግዴታ የምለው በምክንያት ነው። መብት ብቻ ከተሰጠው፣ ዛሬ ልኬት የመለሰበት ክሊኒክ ነገ ሥራውን ወደ ጎረቤት ላብራቶሪ እንደሚወስድበት ቴክኒሻኑ ያውቃል።