እግረኛውን ወደ መኪናው መንገድ የሚገፋው ማን ነው?

አንድ እግረኛ በመኪና ተገጨ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር በየመደብሩ ደጃፍ የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አያልፍም። አንዱ ወገን «ሾፌሩ ያብድ ነበር» ሲል፥ ሌላው «ባላገር መንገድ መሻገር መቼ ያውቃል» ይላል። እኔም ለብዙ ዘመን ከእነዚሁ ፈራጆች አንዱ ነበርሁ። በገረሴ የገበያ ቀን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ አጠገብ ባለው መስኮት የማየው ነገር ግን ሦስተኛ ተከሳሽ እንዳለ አሳምኖኛል፤ ይኸውም እኛ ነጋዴዎቹ ነን።

ከተማችን በደጋ ላይ ያለች እንደ መሆንዋ አብዛኛው ገበያተኛ ከየቀበሌው ዳገት ወጥቶ፥ ቁልቁለት ወርዶ የሚመጣው በእግሩ ነው። ቆጮ ወይም ገብስ የተሸከመች ሴት ወገብዋ ጎብጦ፥ አንገትዋ በሸክሙ ተይዞ ስለምትሄድ ከኋላዋ የሚመጣውን ዘወር ብላ ለማየት አይቻላትም። ጉም በወረደ ጊዜ ደግሞ ነጂውም እርስዋን የሚያያት ከቀረበ በኋላ ነው። መኪና በቀኝ መሄድ ከጀመረበት ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ እግረኛ ግራውን ጠርዝ ይዞ፥ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ እንዲሄድ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የትኛውን ጠርዝ ይያዝ? ግራውንም ቀኙንም የያዝነው እኛ ነን። የጨው ጆንያው፥ ቆርቆሮው፥ ባልዲው፥ የለስላሳ መጠጥ ሳጥኑ ከበራፍ አልፎ ወጥቶአል፤ ቦዩን በጣውላ ሸፍኖ ዕቃውን በላዩ የዘረጋም አለ። ከዚያ የተረፈችውን ቦታ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ይቆሙባታል። እግረኛው ክንፍ ስለሌለው ወደ መኪናው መንገድ ይገባል።

ባለፈው ክረምት በገበያው እኩለ ቀን አንድ ኢሱዙ ከመደብራችን ፊት ቆሞ ሲሚንቶ ሲያራግፍ፥ ከጀርባው ብቅ ያለ ልጅ በሞተር ብስክሌት ተገጭቶ እግሩ ተሰበረ። ሞተረኛው ልጁን፥ ልጁም ሞተሩን ሊያይ አይችልም ነበር፤ የጋረዳቸው የእኛ ጭነት ነውና። በዚያ ሰዓት እንዲደርስ ብዬ ስልክ የደወልሁት እኔ ነኝ።

ስለ ስልክም ካነሣሁ አይቀር፥ ጭነት ከአርባ ምንጭ ተነሣ ከተባለ ጀምሮ ነጂውን «የት ደረስህ?» እያልን የምናስጨንቀው እኛ አይደለንምን? እርሱም በአንድ እጁ መሪ፥ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ይመልስልናል። ሕዝቡ ለኢሱዙ «አልቃይዳ»፥ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አውጥቶአል፤ ላስቸኳዩ ነጋዴ ግን ገና አላወጣለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የሚገጨው እግረኛ የመሞቱ ነገር 4.5 እጥፍ ይከፋል። በዚህ ጭማሪ በ50 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ የምናተርፈው 14 ደቂቃ ያህል ነው። ሂሳቡን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ሕጉም ቢሆን በእኛ ላይ የጠበቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፥ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢነዳው፥ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ቢሆንም የሚከፍለው በተወሰነ ልክ ነው።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ ከባድ አይደለም፤ ጭነት ገበያው ሳይሞላ በማለዳ ወይም ከተበተነ በኋላ ይራገፍ፤ ዕቃውም ከቦዩ ወዲህ ይሰብሰብ። «ያልታየ ዕቃ ማን ይገዛዋል?» የሚለውን መቃወሚያ አውቀዋለሁ፤ እውነትነትም አለው። አንዱ ብቻ ቢሰበስብ ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ቢሰበስቡ ግን ማንም ከማንም አይበልጥም፥ ማንም አይከስርም። ስለዚህም ነገሩ የአንድ ሱቅ ሳይሆን የንግድ ምክር ቤቱ ጉዳይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለአሠሪዬ ባነበብሁላቸው ጊዜ «ጎረቤቴ ከሰበሰቡ እኔም እሰበስባለሁ» አሉኝ። ሄጄ ጎረቤታችንን ጠየቅኋቸው፤ የሰጡኝም መልስ ያው ነው። ምክር ቤቱ ቀኑን ይቁረጥልን።